ሁለት ወንበር፣ አንድ ኪስ
ያገለገለች ጣሪያ ከፋች ስፖርት መኪና ለመግዛት ለሚያስቡ ወገኖች

የግብር ወቅት በመጣ ቁጥር ሰነዳቸውን ይዘው ወደ ቢሮዬ ብቅ ከሚሉት ወገኖቻችን መካከል፣ ዓመቱ ቀና ያለላቸው፣ ወረቀቱ ተፈርሞ ካለቀ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። «ወንድሜ፣ ያቺን ሁለት ሰው ብቻ የምትይዘውን፣ ጣሪያዋ የሚከፈተውን መኪና ብገዛ ምን ይመስልሃል?» ይላሉ። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ሻንጣ ሲያወጣና ሲያወርድ የኖረ ባለታክሲ ነው። አለዚያም ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሱቁ መደርደሪያ ጀርባ ቆሞ የሚውል ነጋዴ ነው። ቀጥሎም ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፦ «በቢዝነሱ በኩል ልናስገባት እንችላለን?»

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ «ሊሆን ይችላል፤ ሒሳቡን እንየው» የሚል ነው። ለሁለተኛው ግን መልሴ ጠንከር ያለ ነው። የዛሬው ጽሑፌ ሁለቱንም በቅደም ተከተል ይመለከታል። አንዳንድ አንባቢ «በዚህ ዓምድ ስለ ቪዛና ስለ ንግድ ፈቃድ እንጂ ስለ መዝናኛ መኪና ምን አገባን?» ይል ይሆናል። እስከ መጨረሻው ካነበበ ግን፣ ይህች ትንሽ መኪና የአንድን ሰው የቤተሰብ ወረቀት እንዴት ልታሰናክል እንደምትችል ይረዳዋል።

መኪናዋ ማን ናት?

ሁለት ወንበር ያላቸው ክፍት መኪናዎች ብዙ ዓይነት ናቸው። በእኛ ሰው አቅምና በመካኒኮቻችን ዕውቀት ልክ የምትገኘው ግን በአብዛኛው አንዷ ናት፤ ማዝዳ ሚያታ። በሌላው ዓለም ኤም ኤክስ-5 በሚል ስም ትታወቃለች። ሚያታ የሚለው ስም በጥንታዊ ጀርመንኛ «ሽልማት» ማለት እንደሆነ ይነገራል። ለሃያ ዓመት ለለፋ ሰው ስሟ ራሱ ማባበያ ነው።

ታሪኳ የሚጀምረው ከእንግሊዝ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ኤም ጂ፣ ትራያምፍ፣ ሎተስ የመሳሰሉት ድርጅቶች ትንንሽ ክፍት መኪናዎችን ይሠሩ ነበር። ለዓይን የሚያምሩ፣ ለእጅ የሚቀልሉ ነበሩ፤ ነገር ግን ዘይት በማንጠባጠብና በመብራት ብልሽት ባለቤቶቻቸውን ያስመርሩ ነበር። ስመ ጥሩው ኤም ጂ ቢ በ1980 መመረቱን አቆመ። ቦብ ሆል የተባለ አሜሪካዊ የመኪና ጋዜጠኛ በ1979 ከማዝዳው ኃላፊ ከኬንኢቺ ያማሞቶ ጋር ሲነጋገር፣ እንደነዚያ ያለች ቀላል መኪና ቢሠሩ እንደሚበጅ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ዓመታት ወስዶ በየካቲት 1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ እውን ሆነ። የመነሻ ዋጋዋ 13,800 ዶላር ነበር። በኤፕሪል 2016 ሂሮሺማ ውስጥ አንድ ሚሊዮንኛዋ ተሠራች። ከሁለት ወንበር ስፖርት መኪናዎች ሁሉ በብዛት በመሸጥ የጊነስ መዝገብ የያዘችውም እርሷ ናት።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለወሬ ያህል አይደለም። በብዛት የተሸጠች መኪና መለዋወጫዋ እንደ ልብ ይገኛል፤ መካኒኩም ያውቃታል፤ መልሰው ሲሸጧትም ገዢ አይጠፋም። ለባለሱቅ ይህ ነገር ግልጽ ነው፤ ተፈላጊ ዕቃ መደርደሪያ ላይ አይከርምም።

ጉልበቷን በተመለከተ ግን ማንም አይሳሳት። የመጀመሪያዋ ሚያታ 1.6 ሊትር ሞተር ኖሯት 116 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበራት፤ ዛሬ ልጆች ትምህርት ቤት የሚያደርስ ተራ የቤት መኪና ከዚህ ይበልጣል። ደስታዋ የሚመጣው ከቅለቷና ከአነዳዷ ነው። ክብደቷ 1,000 ኪሎ ገደማ ነው፣ የሚገፋት የኋላ ጎማ ነው፣ ማርሹም በአብዛኛው በእጅ የሚቀየር ነው። አዲስ አበባ ላይ በሰይቼንቶ ወይም በቮልስ መንዳት የተማረ ሰው፣ በትንሽ ሞተር ማርሽ እየቀያየሩ መሄድ ያለውን ጣዕም ያስታውሳል።

ገበያ ላይ የሚገኙት አራት ትውልዶች ናቸው። ከ1990 እስከ 1997 ያሉት የፊት መብራታቸው ብቅ ጥልቅ የሚል ነው፤ እስከ 1993 ሞተራቸው 1.6፣ ከ1994 ጀምሮ ደግሞ 1.8 ሊትር ነው። ከ1999 እስከ 2005 ያሉት መብራታቸው ቋሚ፣ የኋላ መስኮታቸውም ከፕላስቲክ ወደ መስታወት የተለወጠ ነው። ከ2006 እስከ 2015 ያሉት ሰፋ ያሉና 2 ሊትር ሞተር ያላቸው ናቸው፤ በአንዳንዶቹ ላይ ጠንካራ ጣሪያ በሞተር ይታጠፋል። ከ2016 ወዲህ ያሉት አዲሶቹ ናቸው፤ ዋጋቸውም እንደዚያው ነው።

ከመግዛት በፊት

«ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም ይገኛል ስንጥር» ይላል የአገራችን ሰው። ያገለገለ መኪና ሲገዙ ይህን ምክር መከተል ግድ ነው።

በመጀመሪያ ዝገቷን ይዩ። ጣሪያዋ ላይ የሚወርደው ዝናብ ከወንበሮቹ በስተኋላ በግራና በቀኝ ባሉ ቀዳዳዎች ወደ መሬት እንዲወርድ ተደርጎ የተሠራ ነው። ቀዳዳዎቹ በቅጠልና በአቧራ ሲደፈኑ ውኃው ከበሩ በታች ባለው ብረት ውስጥ ይጠራቀምና ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ስለዚህ ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት ያለውን የታችኛውን ጠርዝ በእጅዎ ይዳስሱ። ቀለሙ ካበጠ ወይም አዲስ ከተቀባ፣ ከሥሩ የተደበቀ ነገር አለ ማለት ነው። ይህን ማስበየድ ከሞተር ጥገና የሚብስበት ጊዜ አለ።

ሁለተኛ፣ ጣሪያውን ራስዎ ይክፈቱት፣ ይዝጉት። የፕላስቲክ መስኮት ያላቸው የቀድሞዎቹ፣ ጣሪያው ከመታጠፉ በፊት መስኮቱ በዚፕ ተፈትቶ መተኛት አለበት። ይህን ያላወቀ ባለቤት የነዳት መኪና መስኮቷ ተሰንጥቆ ወይም ጭጋግ ለብሶ ይገኛል።

ሦስተኛ፣ የሞተሩ ቺንጊያ መቼ እንደተቀየረ በወረቀት ይጠይቁ። በቀድሞዎቹ ላይ በየ60,000 ማይሉ ይቀየራል። «ተቀይሯል» የሚል ቃል ብቻ ከሆነ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩት። የ1990 እና የ1991 መጀመሪያ ሞተሮች ላይ ቺንጊያው የሚያርፍበት የዋናው ዘንግ ጫፍ አጭር በመሆኑ የመበላት ችግር ነበረባቸው፤ በዚህ ረገድ የሚያውቅ መካኒክ ሳያያት አይግዟት። ራዲያተሩ ላይ ያለው ጥቁር ፕላስቲክ ወደ ቡናማ ከተለወጠ ሊፈነዳ ቀርቧል። ፍሪሲዮን ሲረግጡ የሚላላ ከሆነ የታችኛው ፓምፕ ዘይት እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። የቀድሞዎቹ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ በዕቃ መጫኛው ውስጥ ስለሆነ፣ ለዚያ ቦታ የተሠራ የታሸገ ዓይነት መሆን አለበት እንጂ ከመደብር የተገኘው ሁሉ አይገጠምም።

አራተኛ፣ ወረቀቷን ያጣሩ። የባለቤትነት ወረቀቱ ላይ «ሳልቬጅ» ወይም «ሪቢልት» የሚል ጽሑፍ ካለ፣ መኪናዋ በአደጋ ተጎድታ ኢንሹራንስ እንደ ወደቀ ንብረት የቆጠራት ነበረች ማለት ነው። የ2010 እና ከዚያ በፊት የተሠሩ መኪናዎች ሻጭ የማይል ቆጣሪውን እውነተኛነት በፊርማ እንዲያረጋግጥ የፌዴራሉ ሕግ አያስገድደውም። ስለዚህ «45,000 ማይል ብቻ» የሚል የ1999 መኪና ሲያጋጥምዎ የጥገና ደረሰኞቹን ይጠይቁ። ደረሰኙ ከሌለ፣ የወንበሩና የፍሪሲዮን መርገጫው መበላት ከቆጣሪው ይልቅ እውነቱን ይናገራል።

አብረዋት ሲኖሩ

ሁለት ወንበር ማለት ሁለት ወንበር ነው። ይህ የሚያስቅ ምክር ይመስላል፤ ነገር ግን ለባለትዳርና ለልጆች አባት ከሁሉ የበለጠው ምክር ነው። ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ የሚቀመጥ የሕፃን ወንበር፣ በሚሠራ ኤርባግ ፊት ፈጽሞ አይቀመጥም፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ ሕፃኑን ሊገድለው ይችላል። ከ1994 ጀምሮ ያሉት ሚያታዎች በተሳፋሪው በኩልም ኤርባግ አላቸው። ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከኋላ ወንበር ቢቀመጡ እንደሚሻል የደኅንነት ባለሥልጣኖች ይመክራሉ፤ ይህች መኪና ደግሞ የኋላ ወንበር የላትም። እንግዲህ ቤት ውስጥ ሌላ መኪና ከሌለ ይህ ወሬ እዚህ ላይ ያበቃል።

ለሱቅ ዕቃ ትሆናለች ወይ? ሁለት ከረጢት የጤፍ ዱቄትና አንድ ካርቶን በርበሬ ከገባ መልካም ነው። ለታክሲነትስ? በስልክ ተሳፋሪ የሚያገናኙት ኩባንያዎች አራት በር ይጠይቃሉ፤ መደበኛው የታክሲ ሥራም ለሁለት ወንበር ቦታ የለውም። ስለዚህ ይህች መኪና እንጀራ አታመጣም፤ ከመጀመሪያው ይህን ተቀብሎ መግባት ያስፈልጋል።

ክረምትም አለ። የኋላ ጎማ የሚገፋት ቀላል መኪና በበረዶ ላይ፣ ያውም የበጋ ጎማ ከገጠመች፣ ትንሸራተታለች። መንገድ ላይ የሚበተነው ጨውም ከላይ ያነሣሁትን ዝገት ያፋጥናል። ከዲሴምበር እስከ ማርች የምታርፍበት ደረቅ ቦታ ቢኖራት ዕድሜዋ ይረዝማል። ሌባን በተመለከተ፣ ብዙ የዚች መኪና ባለቤቶች በርዋን ሳይቆልፉ፣ በውስጧም ምንም ነገር ሳይተዉ ማቆምን ይመርጣሉ። ሌባው በሩን ለመክፈት ሲል ጣሪያውን በቢላዋ ከሚቀድ፣ ከፍቶ ባዶዋን ቢያያት ይሻላል በማለት ነው። ይህን ከማድረግዎ በፊት ግን የኢንሹራንስ ውልዎ ስለ መቆለፍ ምን እንደሚል ያንብቡ።

ታዲያ ምን ጥቅም አላት? ከዋሽንግተን በስተምዕራብ 70 ማይል ያህል ርቆ ፍሮንት ሮያል ላይ የሚጀምረው ስካይላይን ድራይቭ በሼናንዶዋ ተራሮች ጫፍ ላይ 105 ማይል ይዘረጋል። የፍጥነት ገደቡ በሰዓት 35 ማይል ነው። እሑድ ጠዋት ጣሪያውን ከፍቶ፣ ባለቤትን ከጎን አስቀምጦ፣ ስልኩን ዘግቶ በዚያ መንገድ ላይ ቀስ ብሎ መሄድ፣ ሳምንቱን ሙሉ የተሳፋሪ አድራሻ ሲከተል ለሚውል ሰው ዕረፍት ነው። ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረው የለም። ይህንን እንደ ቅንጦት ብቻ የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ ግን አልቆጥረውም። ለዓመታት ዕረፍት ሳይወስዱ ሠርተው በሃምሳዎቹ ዕድሜያቸው በደም ግፊት የወደቁ ደንበኞች አሉኝ።

የደብተሬ ሒሳብ

በአፍ ብቻ እንዳይሆን የራሴን ደብተር ልክፈት። በ2019 የ1999 ሥሪት አረንጓዴ ሚያታ በ5,500 ዶላር ገዛሁ። በመጀመሪያው ዓመት የሞተር ቺንጊያና የውኃ ፓምፕ 780፣ አራት ጎማ 460፣ ባትሪ 170፣ ኢንሹራንስ 380፣ የስም ማዛወሪያ፣ የታርጋና የንብረት ግብር 420 ዶላር ወጣባት። ከዋጋዋ ውጪ ሲደመር 2,210 ዶላር ነው፤ ይኸውም ከዋጋዋ 40 በመቶ ማለት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ አዲስ የጨርቅ ጣሪያ ከነሥራው 1,150 ዶላር ፈጀ። ጣሪያው ሊያረጅ እንደተቃረበ ስገዛት አውቅ ስለነበር ገንዘቡ ለብቻው ተቀምጦ ነበር።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ ቀላል ነው። 7,000 ዶላር ያለው ሰው የ7,000 ዶላር መኪና አይግዛ፤ የ5,000 ዶላሯን ገዝቶ 2,000ውን ያስቀምጥ። ብድር ደግሞ አልመክርም፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል። በ2025 የወጣው ሕግ ለመኪና ብድር ወለድ ቅናሽ ፈቅዷል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ግን አዲስ ለሆነና የመጨረሻ መገጣጠሚያው አሜሪካ ውስጥ ለሆነ መኪና ብቻ ነው። ያገለገለችውን ከሂሮሺማ የመጣች መኪና አይመለከትም።

የኢንሹራንሱ 380 ዶላር የቀነሰው በሁለት ምክንያት ነው። ቤት ውስጥ ሌላ የዘወትር መኪና አለ፤ ኢንሹራንሱም ለሰብሳቢዎች የሚሰጠውና ዋጋዋ አስቀድሞ በስምምነት የሚወሰንበት ዓይነት ነው። በተለመደው ኢንሹራንስ መኪናዋ ብትጠፋ የሚከፈለው በዕለቱ የገበያ ግምት ነው፤ ለአሮጌ መኪና ይህ ትንሽ ይሆናል። በስምምነት ዋጋው ግን የተጻፈው ይከፈላል። በምትኩ በየቀኑ ወደ ሥራ ላለመንዳትና በጋራዥ ለማሳደር ይገደዳሉ። ባለታክሲዎች ልብ በሉ፦ የታክሲያችሁ የንግድ ኢንሹራንስ ይህችን መኪና አይሸፍንም፤ በስሟ የራሷ ውል ያስፈልጋታል።

ቨርጂኒያ ውስጥ 25 ዓመት የሞላት መኪና «አንቲክ» ታርጋ ልትወስድ ትችላለች። ይህም ባለቤቱ ሌላ መኪና ያለው ሲሆን ነው። በዚህ ታርጋ ለትርኢትና አልፎ አልፎ ለመዝናናት ይነዳል እንጂ በየቀኑ ወደ ሥራ አይመላለሱበትም። ሌሎች ግዛቶች የየራሳቸው ደንብ አላቸው።

ገንዘቡ ከዕቁብ የወጣ ከሆነስ? የራስዎ መዋጮ ተመልሶ ሲመጣ ገቢ አይደለም፤ ሆኖም የዕቁቡን ዝርዝር ከዳኛው ወስደው ያስቀምጡ። ለነጋዴ ከ10,000 ዶላር በላይ በጥሬ ገንዘብ ሲከፍሉ ነጋዴው ፎርም 8300 ሞልቶ ለመንግሥት ያሳውቃል። ይህ የሚያስፈራ ነገር አይደለም። ወንጀል የሚሆነው ሪፖርቱን ለማምለጥ ሲባል ገንዘቡን እየከፋፈሉ ማስገባት ነው። ንጹሕ ገንዘብ ይዘው በዚህ ምክንያት ብቻ ችግር ውስጥ የገቡ ሰዎች አሉ።

«በቢዝነሱ በኩል አስገባልኝ»

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት፣ አይ አር ኤስ፣ የሚቀበለው ለሥራው የተለመደና አስፈላጊ የሆነን ወጪ ነው። ከቤት ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ቤት መመላለስ የግል ጉዞ ነው፤ አይቀነስም። ከሱቅ ወደ ጅምላ አከፋፋይ፣ ከሱቅ ወደ ባንክ መሄድ ግን የሥራ ጉዞ ነው። ለእያንዳንዱ ጉዞ ቀኑ፣ ቦታው፣ ምክንያቱና ማይሉ በወቅቱ ተጽፎ መገኘት አለበት።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ባለሱቅ በ2025 በሚያታዋ 900 ማይል ለሥራ ነዳ እንበል። የዚያ ዓመት መደበኛ ተመን በማይል 70 ሳንቲም ስለሆነ ቅናሹ 630 ዶላር ነው። ይህ ከገቢው ላይ የሚቀነስ እንጂ በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ አይደለም። በመካከለኛ ገቢ ላይ ላለ ሰው ትርፉ ከ150 እስከ 200 ዶላር ቢሆን ነው። ትክክለኛው መንገድ ይህን ያህል ነው።

ሌላው መንገድ መኪናዋን በሙሉ እንደ ሥራ ዕቃ ቆጥሮ ዋጋዋን በአንድ ዓመት መጨረስ ነው። ለዚህ ከግማሽ በላይ አገልግሎቷ ለሥራ መሆን አለበት። ስኬጁል ሲ የተባለው የነጋዴ ቅጽ ስለ መኪና የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች አንብቡ። ለሥራ ስንት ማይል፣ ለመመላለስ ስንት ማይል ነዱ? ከሥራ ሰዓት ውጪ ለግል አገልግሎት ትውላለች? እርስዎ ወይም ባለቤትዎ ሌላ መኪና አላችሁ? ማስረጃ አለዎት? ማስረጃው በጽሑፍ ነው? እነዚህን መልሰው ሲፈርሙ በሐሰት ብናገር በሕግ ልጠየቅ ብለው ነው የሚፈርሙት። ሁለት ወንበር ያላት ክፍት መኪና ለባለታክሲ ከግማሽ በላይ ለሥራ ትውላለች የሚል መልስ የሚያምን መርማሪ የለም። በቸልተኝነት የተቀነሰ ግብር ላይ 20 በመቶ ቅጣት ይጨመራል። ሆን ተብሎ የተደረገ ማጭበርበር ከሆነ ቅጣቱ 75 በመቶ ይደርሳል፤ የይርጋ ጊዜም የለውም።

ከመኪናዋ የሚበልጠው ጉዳይ

ቅጣቱ አንድ ነገር ነው። በእኛ ማኅበረሰብ ላይ ይበልጥ የሚከብደው ግን ሌላ ነው።

አንድ የታክሲ ባለንብረት ደንበኛዬ የአሜሪካ ዜግነት አለው። ባለቤቱንና ሁለት ልጆቹን ለማምጣት ጉዳዩን ጀምሯል። ወጪው ሁሉ ተቀንሶ የዓመቱ የተጣራ ገቢው 43,000 ዶላር ነበር። በመጨረሻው ሰዓት የ9,000 ዶላር ክፍት መኪና ገዝቶ «በታክሲው በኩል ግባልኝ» አለ። «ጋሼ፣» አልኩት፣ «መጀመሪያ ነገሩ እውነት አይደለም። ሁለተኛ፣ ገቢዎ ወደ 34,000 ይወርዳል። ልጆቹን በምን ሊያመጧቸው ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤተሰብ የሚያመጣ ሰው አይ-864 የተባለውን የመተማመኛ ቅጽ ይሞላል። ገቢው የቤተሰቡ ቁጥር በሚጠይቀው የድህነት መለኪያ 125 በመቶ መድረስ አለበት። በ2025 መለኪያ መሠረት ለሁለት ሰው 26,437፣ ለሦስት 33,312፣ ለአራት 40,187፣ ለአምስት 47,062 ዶላር ነው። መለኪያው በየዓመቱ ይለወጣል። ቆንስላው የሚያየው የታክሲው ሜትር የቆጠረውን አይደለም፤ በግብር ወረቀቱ ላይ ያለውን ገቢ ነው። ይህ ሰው፣ ባለቤቱና ሁለቱ ልጆቹ አራት ናቸው። በ43,000 ያልፋል፤ በ34,000 ይወድቃል። ከግብር የሚያተርፈው 2,000 ዶላር ያህል ነው።

ከወደቀ ተጨማሪ ተያዥ መለመን ሊኖርበት ነው። ተያዡ ወንድም ወይም ጓደኛ ይሆናል፤ የሚፈርመው ግዴታ ደግሞ የመጣው ሰው ዜጋ እስኪሆን ወይም 40 ሩብ ዓመት የሥራ ዘመን እስኪቆጠርለት ድረስ የሚቆይ ነው። ስለ አንድ የመዝናኛ መኪና ይህን ያህል ዕዳ በሰው ላይ መጫን ተገቢ አይደለም። የቪዛው አሰጣጥ በየጊዜው በሚወጣ ትእዛዝ ሊዘገይ ወይም ሊቆም ይችላል፤ እርሱ በእጃችን አይደለም። የግብር ወረቀታችን ግን በእጃችን ነው፤ ተራው ሲደርስ ዝግጁ ሆኖ መገኘት አለበት። ቤት ለመግዛት ለሚያስቡም እንዲሁ ነው፤ አበዳሪዎች የራሱን ሥራ የሚሠራን ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓመት የግብር ወረቀት ይጠይቁታል።

ዜግነት ለሚጠይቁም ሁለት ነገር ልጨምር። ኤን-400 የተባለው ቅጽ ያልተከፈለ የግብር ዕዳ እንዳለብዎ ይጠይቃል፤ ያለፉት አምስት ዓመታት፣ ዜጋ ላገቡ ደግሞ ሦስት ዓመታት፣ መልካም ጠባይም ይመረመራል። ሁለተኛው ስለ ፍጥነት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳት፣ ወይም ከተፈቀደው ገደብ 20 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍ ተራ የትራፊክ ቅጣት አይደለም። በግድየለሽነት መንዳት ይባላል፤ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ሊያስከትል የሚችል ወንጀል ነው። ለባለታክሲ የመንጃ ፈቃዱ እንጀራው ነው። እንዲህ ያለ ክስ የደረሰው ሰው «ከፍዬ ልገላገል» ብሎ ከመክፈሉ በፊት የስደተኞች ጉዳይ ጠበቃ ያነጋግር፤ መክፈሉ ጥፋተኝነትን ማመን ሊሆን ይችላልና። ደግነቱ ይህች መኪና በ35 ማይልም ታስደስታለች፤ ከወለል ጋር ተጠግተው ስለሚቀመጡ ፍጥነቱ ከእውነቱ በላይ ይሰማል።

እንግዲህ መቼ ይገዛ?

ቤት ውስጥ ሌላ የቤተሰብ መኪና ሲኖር፤ የሦስት ወር የሱቅ ኪራይ ወይም የታክሲ ወጪ በባንክ ተቀምጦ ሲገኝ፤ ገንዘቡ ግብር ከተከፈለበት የራስ ገቢ የመጣ ሲሆን፤ ከዋጋዋም 40 በመቶ ያህል ለመጀመሪያው ዓመት ሲተርፍ፤ ባለቤትም ሲስማሙበት። የመጨረሻውን ነጥብ በቀልድ አልጻፍኩትም። ሁለተኛው ወንበር የእርሳቸው ነው፤ ያለ ፈቃዳቸው የተገዛች መኪና ባዶ ወንበር ይዛ ነው የምትዞረው።

ያ ደንበኛዬ መኪናዋን አልመለሳትም፤ በራሱ ስም፣ በራሱ ገንዘብ፣ ከታክሲው ሒሳብ ውጪ አስመዘገባት። ግብሩንም በ43,000 ላይ ከፈለ። የቤተሰቡ ጉዳይ ገና አላለቀም፤ የግብር ወረቀቱ ግን ተሟልቶ ተቀምጧል።

ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ዕውቀት ያህል የቀረበ ነው፤ የእያንዳንዱ ሰው ጉዳይ የራሱ መልክ ስላለው ከመፈረምዎ በፊት የራስዎን የሒሳብ ባለሙያና ጠበቃ ያማክሩ። ማይል የሚመዘገብበትን ትንሽ ደብተር ግን ምክር ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ታክሲዎ ውስጥ ያስቀምጡ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።